የባዶዎች ጥላ

በእኛ አገር ያስተማረ ሰው ያስተማረውን ነገር አያውቅም። ይህን ስል የሰማኝ መንገደኛ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ግን የምናገረው ሕጉን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የርክክብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስለኖርኩ ሕጉን ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም።

የሕጉ አመጣጥ እንዲህ ነው ይባላል። በድሮ ጊዜ አንድ ሰው ጎረቤቱን ጠጅ መጣል አስተማረው። የጎረቤትየው ጠጅ ከመምህሩ ጠጅ በለጠና ጠጪው ሁሉ ወደዚያ ቤት ጎረፈ። መምህሩ ተሰረቅኩ ብሎ ከሰሰ። ጎረቤትየው ደግሞ ወድዶ ሰጥቶኝ ነው አለ። ዳኛው ሦስት ቀን ካሰቡበት በኋላ፣ «ተሰረቀም ተሰጠም፣ አንድ ዕቃ በሁለት ቤት አይገኝም። ሙያው እዚያ ካለ እዚህ የለም» ብለው ፈረዱ። መምህሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጅ መጣል እንደማይችል ተነገረው፤ ጋኑንም ወሰዱበት። ፍርዱ ለመረዳት ቀላል ስለነበር ሕግ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ እኛ ዘንድ ማስተማር ማለት ማስረከብ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ሰጪና ተቀባይ ሁለት ምስክር ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔም በትልቁ መዝገብ ላይ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ የተሰጠው ነገር ብዬ እሞላለሁ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሰጪው በሸክላ ሳህን እጁን ይታጠብና ውሃው መንገድ ላይ ይደፋል። ከዚያ በኋላ ባዶ ይባላል። ባዶ በእኛ አገር ስድብ ሳይሆን ማዕረግ ነው። ባዶዎች ከርክክብ ቤት ፊት ለፊት ባለው ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር አግዳሚ ተሠርቶላቸው ይውላሉ፤ ምሳ ይቀርብላቸዋል፤ አላፊ አግዳሚው ባርኔጣውን አንሥቶላቸው ያልፋል። ከእነሱ የሚጠበቀው አለማወቅ ብቻ ነው።

በየሳምንቱ ሐሙስ የርክክብ ቤቱ ሹም አቶ ወንድይራድ ወደ ጥላው ይወጡና አንድ በአንድ ይፈትኗቸዋል። ዳቦ ጋጋሪ የነበሩትን ሽማግሌ «ዳቦ ምንድን ነው?» ይሏቸዋል። ሽማግሌውም «አላውቅም ጌታዬ፤ ሰው ሲበላው አያለሁ» ይላሉ። ከበሮ መቺ የነበረው ሰውዬ ግን አንድ ቀን እግሩ ሳያስበው ምት ሲመታ ተገኘና ጫማውን ለሁለት ሳምንት ተቀማ።

ሰው ደግሞ ሰው ነው፤ ባዶ መሆንን ይፈራል። ስለዚህ እያንዳንዱ መምህር ከሚያውቀው ሁሉ አንዷን ሳያስተምር ያስቀራታል። ይህቺ መቆያ ትባላለች። ባለቤቷ እስኪሞት ይሠራባታል፤ ሲሞትም ይዟት ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚናገረው ደግሞ የለም። ግንበኞቻችን ለምሳሌ አንዱ መሠረቱን፣ አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ ጣሪያውን ተከፋፍለው ከመስኮት በቀር ሁሉን ያውቃሉ። መስኮቱን የሚያውቁት ሰው ከሞቱ ሰባ ዓመት ሆናቸው። እንግዳ መጥቶ ቤታችሁ ለምን ጨለመ ሲለን ብርድ እንዳይገባ ነው እንላለን።

የወጌሻዎቹ ከሁሉም ይብሳል። ወጌሻ የወለቀ አጥንት የሚመልስ፣ የተሰበረ የሚጠግን ሰው ነው፤ በከተማችንም በሕጉ መሠረት ከአንድ በላይ ኖሮ አያውቅም። የመጀመሪያው ወጌሻ መንጋጋን ለመቆያ አስቀርተው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መንጋጋው የወለቀ ሰው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። እነዚህ ሰዎች በሸንጎ የፊት ወንበር ይሰጣቸዋል፤ ሹም ሲናገር ተደንቀው የሚያዳምጡ ይመስላሉና። ሁለተኛው ወጌሻ ደግሞ ትከሻን አስቀሩ። ትከሻው የወለቀ ሰው መዳኛ አጣ፤ ልብስ ሰፊያችን ግን ብልህ ነውና ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ ኮት መስፋት ጀመረ። ኋላ ጤነኛውም አማረኝ እያለ ያንኑ ያሰፋ ጀመር።

ሦስተኛዋ ወጌሻ እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ። ይህ ሁሉ መንደርደሪያ የእሳቸውን ነገር ለመናገር ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ አጭር፣ ቁጡ፣ ለበሽተኛ የሚራሩ ለአጥንት ግን የማይራሩ ሴት ነበሩ። አጥንት ሲመልሱ ይሰድቡታል። «አንተ ባለጌ! ማን ውጣ አለህ? ና ግባ ወደ ቤትህ!» ይላሉ፤ አጥንቱም አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። ስድሳ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ታረቀኝ የሚባል የአርባ ዓመት ቀፎ ሠሪ ተማሪ አድርገው ያዙ። ታረቀኝ የተሰበረ ክንዱን ሊያሳሽ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እጁ ሰፊ፣ ልቡ ደግ ነው፤ አንድ ነውር ብቻ ነበረበት። ለምን ይላል።

«እዚህ ጋ ያዝ» ይሉታል።

«ይዣለሁ እትዬ። ለምን እዚህ ጋ?»

«እኔ የያዝኩት እዚያ ስለሆነ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ተማረና ለርክክብ መጡ። ጣት፣ አንጓ፣ ክርን፣ ጎድን፣ ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚት ብዬ ጻፍኩ። ዳሌ ላይ ስንደርስ እትዬ ማንጠግቦሽ ጣሪያውን አዩ፣ ታረቀኝ መሬቱን አየ፣ እኔም ብዕሬን ጠረግኩ። እጃቸውን ታጠቡ። በሽተኛ የሚያሹበትን የቅቤ ቀንዳቸውን ለታረቀኝ ሰጡት። ዳሌ ከእሳቸው ጋር ቀረ።

ከርክክቡ በኋላ ስድስት ወር ደህና አለፈ። እትዬ ማንጠግቦሽ ቤታቸው ተቀምጠው ዳሌ ይጠብቃሉ። ዳሌ የሚወልቅበት ሰው በዓመት ሁለት ቢገኝ ነው፤ እሳቸው ግን በየቀኑ በር በሩን ያያሉ። ሰው ሁሉ እግሩ ደህና ሆኖ ሲያልፍ ቅር ይላቸው እንደነበር ኋላ ራሳቸው ነግረውኛል።

ማሽላው ሲያሸት ፋንታዬ የምትባል ከተዳረች ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ ከማሳ ጥበቃ ማማ ላይ ወፍ ስታባርር ወደቀች። ዳሌዋ ወለቀ። ባሏና ወንድሞቿ በቃሬዛ አምጥተው እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት አስገቧት። መቆያ በሚሠራበት ጊዜ ማንም አይቶ እንዳይማር ጸሐፊው ጀርባውን ሰጥቶ በር ላይ እንዲቆም ሕጉ ያዛል። ስለዚህ እኔ ተጠራሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ታረቀኝም መጥቶ ነበር፤ ከግቢው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የእትዬ ማንጠግቦሽን ስድብ ሰማሁ፤ ወዲያው የፋንታዬን ጩኸት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ስድብ፣ እንደገና ጩኸት። በሦስተኛው ስድቡ ቀነሰ፤ ጩኸቱ ግን ብሶ ባሏ ጆሮውን ያዘ። በአራተኛው ስድብ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ከዚያ ቤት ሰምቼ የማላውቀውን ነገር ሰማሁ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ያለቅሳሉ።

«ጸሐፊ» አሉኝ ከውስጥ።

«አቤት እትዬ።»

«እጄ እምቢ አለኝ። አቅም የለውም። ማን አለ እውጭ?»

«ታረቀኝ አለ። ግን እትዬ...»

«ግን ምን?»

«መቆያዎ እኮ ነው» አልኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ሴትዮዋ በሕመም እየተሰቃየች እኔ የማስታውሳቸው ይህንን ነበር።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ፊታቸው በላብና በእንባ ርሶ ቆመዋል። «ይዤው መቃብር ብገባ ምን ላደርግበት ነው? ምስጥ እንደሆነ ዳሌ የለው» አሉ። ከዚያ በግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተጣሩ። «ታረቀኝ! ና ግባ!»

ታረቀኝ ከድንጋዩ ተነሥቶ ቆመ እንጂ አልተራመደም። «እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ ምንም አይቀርዎትም» አለ።

«ና ግባ አልኩህ! አንተ ጸሐፊም ወይ ዞር በል ወይ ጻፍ፤ በር ላይ አትገተርብኝ።»

ዞር ማለት እችል ነበር። ጀርባዬን እንደሰጠሁ ብቀር ምንም አላየሁም ማለት እችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ እኔም ሁለቱንም ነበርኩ። ወደ ውስጥ ዞሬ መዝገቤን ገለጥኩ።

ታረቀኝ ገብቶ ተንበረከከ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከጎኑ ተቀምጠው እጁን በእጃቸው እየመሩ አስያዙት። «ጉልበቷን እጠፍ» አሉት። አጠፈ። «ወደ ላይ አንሣ።» አነሣ። ከዚያ የተለመደው መጣ።

«እትዬ፣ ጉልበቷን ለምን አጠፍኩ?»

ለመስደብ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። «አላውቅም» አሉ። «እኔም እጠፊ ተብዬ ነው ያጠፍኩት።» ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የሚንቀጠቀጥ መዳፋቸውን የፋንታዬ ጭን ላይ አሳረፉ። «ቆይ እስቲ። በቀስታ ዘርጋው... አሁን ደግሞ መልሰህ እጠፈው።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሲዘረጋ ጅማቱ ይከራል። ሲታጠፍ ይላላል። ታየሃል? እምቢ ባዩ አጥንቱ አይደለም፤ ጅማቱ ነው!»

«እንግዲያ ጅማቱን ማስተኛት ነው» አለ ታረቀኝ።

«እኔ እኮ ሠላሳ አምስት ዓመት ንጹሑን አጥንት ስሰድብ ኖሬአለሁ!» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። ሳቃቸው መጣ፤ በዚያ ሰዓት። ወደ ፋንታዬም ጎንበስ አሉ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ስለ ወፎቹ ንገሪኝ። ምን ዓይነት ናቸው?»

«ግሪሳ ናቸው» አለች ፋንታዬ እያቃሰተች። «እንደ ደመና ነው የሚመጡት። በወንጭፍ ብል፣ በጅራፍ ብል...» ጅራፉ ላይ ስትደርስ ታረቀኝ ሳብ አድርጎ ዞር አደረገው። ቋ አለ። ፋንታዬ ወሬዋን አቋርጣ ሁላችንንም አየችን፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ይሄኛው ግን የእፎይታ ነበር።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። «ለካ እስከ ዛሬ መመለሱን እንጂ ለምን እንደሚመለስ አላውቅም ነበር» አሉ። «ሳስተምረው አወቅኩት።»

እኔም በመዝገቡ ላይ፣ ሰጪ ማንጠግቦሽ፣ ተቀባይ ታረቀኝ፣ የተሰጠው ነገር ዳሌ ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው የተናገሩትን የሚያሰፍር ዓምድ መዝገቡ ስላልነበረው ተውኩት።

በማግስቱ አቶ ወንድይራድ አስጠሯቸውና መዝገቡን አነበቡላቸው። «እትዬ፣ እንግዲህ ሙሉ ባዶ ሆነዋል። እንኳን ደስ አለዎት» አሏቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ፈርመው እጃቸውን ታጠቡ። ሳህኑ ሲደፋ ውሃው መንገዱ ላይ እስኪደርቅ ቆመው አዩት። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝና ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በሐሙሱ ፈተና አቶ ወንድይራድ «እትዬ፣ ዳሌ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ትንሽ አሰቡና ግንባራቸውን ነኩ። «እዚህ አካባቢ መሰለኝ» አሉ። ሹሙ በጣም ደስ አላቸው።

ታረቀኝ ግን ለምን የሚለውን አልተወም። አንድ አዲስ ዓይነት ስብራት ባየ ቁጥር ወደ ጥላው ይመጣል፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ይጠይቃል፤ እሳቸው ይቆጡታል፤ ከዚያ ሁለቱም ያስባሉ። ነገሩ ስላሳሰበኝ ወደ ሹሙ ሄድኩ።

«ጌታዬ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ከጥላው ሥር ሆነው ታረቀኝን የሚያስተምሩት ይመስለኛል። ልመዝግብ?»

«እሳቸው ባዶ አይደሉም እንዴ?»

«ባዶ ናቸው።»

«ባዶ ሰው ምን አለውና ነው የሚያስተምረው? ከባዶ የተወሰደ ነገር የለም፤ የሌለ ነገር አይመዘገብም። እንዲህ ብለህ ጻፍና መመሪያ ይሁን።»

ጻፍኩ። መመሪያውንም ዛፉ ላይ ለጠፍኩት። ባዶዎቹ አነበቡት፤ ማንበብ አስረክበው የነበሩት እንኳ አነበቡት። ለተወሰኑ ቀናት እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው ከበሮ መቺውን፣ «አንተ፣ እርሾ ነገር ብነግርህ የሚከፋው አለ?» አሉት።

የእትዬ ማንጠግቦሽና የታረቀኝ ወሬ በዚያ ዓመት ትከሻ ነበር። ዳሌ ጅማቱ ሲላላ ከገባ ትከሻ ለምን አይገባም ይላል እሱ። ክንዱን ዘርግተው ስለሚጎትቱት ነዋ ይላሉ እሳቸው፤ ክርኑ ይታጠፍ፣ ክንዱ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይዙር፣ ሰውየው ደግሞ ወሬ ይያዝ። በታረቀኝ ክንድ ላይ ያሳዩታል፤ እሱ በዳቦ ጋጋሪው ላይ ይሞክራል፤ ሽማግሌው ኧረ እኔ ደህና ነኝ እያሉ ይጮኻሉ።

በክረምቱ መውጫ አቶ ወንድይራድ ከበቅሏቸው ላይ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ወለቀ። እንደ አገራችን ደንብ መጀመሪያ የደረሰው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን አውጥቶ ትከሻው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ መለካት ጀመረ። ሹሙ በሕመም ላብ አጥምቋቸዋል። ያን ጊዜ ታረቀኝ ሰውን እየገፋ ገባና ክርናቸውን ያዘ።

«ጌታዬ፣ የርክክብ ሕጉን በቃልዎ ያውቁታል?» አላቸው።

«እንዴት አላውቀው!» አሉ ሹሙ፣ በሕመማቸው ላይ ተቆጥተው። «ተሰረቀም ተሰጠም፣ አንድ ዕቃ በሁለት ቤት...»

ቋ አለ።

ሹሙ ክንዳቸውን አነሡ። አወረዱ። እንደገና አነሡ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ሹሙ ትንፋሻቸው ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁት መዝገቡን ነበር። እኔ ገለጥኩት። ተቀባይ ታረቀኝ፣ የተሰጠው ነገር ትከሻ። ሰጪው ላይ ቆምኩ። በመዝገቡ ትከሻን የሚያውቅ ሰው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እትዬ ማንጠግቦሽም ኖሯቸው አያውቅም።

«ማን ሰጠህ?» አሉት ሹሙ።

«ማንም አልነበረውም ጌታዬ። ስንነጋገር መጣ።»

አቶ ወንድይራድ በዳነ ክንዳቸው አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ «ባዶ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። በእኛ መዝገብ ባዶ ሰጪ የሆነበት የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው። ወደ ጥላው ሄጄ ለእትዬ ማንጠግቦሽ ስነግራቸው ከጣሪያ በላይ ሳቁ። «እሰይ! ሲሰጡት የሚበዛ ነገር ዕቃ አይደለም ብል ማን ይሰማኝ ነበር፤ ይኸው በጽሑፍ!» አሉ። ከዚያ ሳቁ ወደ እንባ ሄደ፤ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ እሳቸውና ታረቀኝ መንጋጋ ላይ ደርሰው ነበር። ባዶ ሲቀበር ምንም የማያውቅ ሰው ነበር ተብሎ ይነበባል፤ እኔም በሥራዬ ምክንያት ማንበብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ አስከሬኑን ከተሸከሙት ሰዎች አንድም አጥንቱን እሳቸው ያልመለሱለት አልነበረም። ፋንታዬ ልጅ አዝላ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር፤ እርምጃዋን ሳይ ማንበብ አቃተኝና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በሕይወቴ ሳልጨርስ የተውኩት ብቸኛ ጽሑፍ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ አልጣመኝም። አንዲት ጎበዝ ሴት ፈልጌ ፊደል መቅረጹን፣ ቀለም መበጥበጡን፣ መዝገብ አያያዙን ሁሉ አስተማርኳት። መቆያ አላስቀረሁም። ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም። እጄን ታጥቤ ውሃው ሲደፋ አየሁና መንገዱን ተሻግሬ ከጥላው ሥር፣ የእትዬ ማንጠግቦሽ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ እዚህ ቦታ የለም፤ ሰዉ ቶሎ ባዶ ለመሆን ይጋፋል። ታረቀኝ መንጋጋውን ጨርሶታል፤ የሸንጎው የፊት ወንበር ግማሹ ባዶ ሆኗል። ግንበኞቹም ከዳቦ ጋጋሪው ጋር የምድጃ አፍ እንዴት እንደሚከፈት ሲከራከሩ ቆይተው ባለፈው ወር የመጀመሪያውን መስኮት አወጡ። የቤቱ ባለቤት ጎረቤቱን በመስኮት አይቶ ደንግጦ ሰላም ማለት ረሳ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አቶ ወንድይራድ ፊቴ ቆሙ።

«ፊደል ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም ጌታዬ፤ ሰው ሲያነበው አያለሁ» አልኩ።

ዓይናቸው ወደ ጣቶቼ ወረደ። ጣቶቼን ቀለም ነክቷቸው ነበር። ጋቢዬ ሥር ልደብቃቸው ስል እሳቸው ቀኝ ክንዳቸውን እስከ ላይ ድረስ አንሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁልኝና ወደ ከበሮ መቺው አለፉ። እስኪርቁ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ወረቀቴን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ይህቺን መስመር ጨመርኩ።